ከመነቀሳችሁ በፊት ስለ መርፌው ጠይቁ



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ንቅሳት ነው። ርዕሱን የመረጥነው እዚህ ጎሮም መጠለያም ሆነ ጁባ ከተማ ውስጥ ወጣቶች እርስ በርሳቸው ሲነቃቀሱ በየጊዜው ስለምናይ ነው። ዓላማችን የተነቀሰን ሰው መውቀስ አይደለም። ትምህርቱን ስትጨርሱ ሦስት ነገሮችን ታውቃላችሁ፦ በመርፌ ምን በሽታ እንደሚተላለፍ፣ ነቃሹን ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ፣ ከተነቀሳችሁ በኋላ ደግሞ መቼ ወደ ጤና ጣቢያ መምጣት እንደሚገባችሁ።

ንቅሳት ለእኛ አዲስ አይደለም

እናቴ የወሎ ሰው ናት። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በሰፈራ ወደ ጋምቤላ ከመጡት አንዷ ነች። ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ላይ ደግሞ በረድፍ የተደረደረ ንቅሳት አላት። ልጅ ሳለች አንዲት ባልቴት የምጣድ ጥላሸት ከቅጠል ጭማቂ ጋር ለውሰው በእሾህ እንደነቀሷት ትነግረን ነበር። በዚያ ቀን የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ሁሉ የተነቀሱት በአንድ እሾህ ነው። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችም በመካከላችን አሉ። በደቡብ ሱዳንና በጋምቤላ ደግሞ በኑዌር ወንዶች ግንባር ላይ በስለት የሚወጣው ስድስት መስመር የጎልማሳነት ምልክት ሆኖ ኖሯል።

ስለዚህ «ባህላችን ነው፣ ያምራልም» የሚል ሰው አልተሳሳተም። ችግሩ የሚመጣው እሾሁ፣ ምላጩ ወይም መርፌው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲያልፍ ነው።

የአራቱ ጓደኛሞች ታሪክ

ይህን ታሪክ የምጽፈው ከባለ ታሪኮቹ ፈቃድ አግኝቼ ነው። ስማቸውንና ሰፈራቸውን አልጠቅስም።

አራት ወጣቶች አንድ ማታ ተሰብስበው ክንዳቸው ላይ ተነቀሱ። መሣሪያው እንጨት ላይ በክር የታሰረ የልብስ መስፊያ መርፌ ነበር። ቀለሙን ከእስክሪብቶ አውጥተው በአንድ የጠርሙስ ክዳን ቀዱት። አንዱ ሲጨርስ መርፌውን አረቄ በነካ ጨርቅ ይጠርጉና ለሚቀጥለው ይሰጡታል። በአምስተኛው ቀን የአንደኛው ክንድ አብጦ መግል ስለያዘ አራቱም ተያይዘው መጡ።

ቁስሉን አጥበን መድኃኒት ጀመርንለት፤ የመንጋጋ ቆልፍ (ቲታነስ) ክትባትም ሰጠናቸው። «ኤች.አይ.ቪስ?» ብለው ጠየቁኝ። ለኤች.አይ.ቪ ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። ይሁን እንጂ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። እነርሱ ደግሞ ሁለት ቀን ዘግይተዋል። ምርመራ አድርገን፣ ሦስት ወር ሲሞላ እንዲደግሙ ቀጠሮ ሰጠናቸው።

ስለ ጉበት የጠየቀ ግን አልነበረም። ደማቸው ሲመረመር በሁለተኛ ተራ የተነቀሰው ልጅ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘበት። ቫይረሱ በአምስት ቀን ውስጥ በምርመራ አይታይም። ስለዚህ ከዚያች ማታ በፊት በሰውነቱ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ልጁ ጤነኛ ነው፤ ኳስ ይጫወታል፤ አንድም ቀን አሞት አያውቅም። ውጤቱን ሲሰማ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያም ወጥቶ ለጓደኞቹ ራሱ ነገራቸው። ከእርሱ ቀጥሎ የተነቀሱትን ሁለቱን ለክትባት ጁባ ላክናቸው። ሦስተኛው ክትባቱን ጨርሶ ከስድስት ወር በኋላ ሲመረመር ነጻ ሆነ። አራተኛው ለሥራ ሌላ ከተማ ስለ ሄደ ለሁለተኛው ክትባት አልተመለሰም። ይህን ጽሑፍ ካነበብክ፣ ወንድሜ፣ አሁንም ናና እንመርምርህ።

ሄፓታይተስ ቢ ምንድን ነው?

ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በወሊድ ጊዜ ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በአገራችን የዓይን ቢጫ መሆን «የወፍ በሽታ» ይባላል፤ የሌሊት ወፍ ያመጣዋል የሚሉም አሉ። እውነቱ ግን አንዱ መንስኤ ይህ ቫይረስ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ዓይኑ እንኳ ቢጫ ሳይሆን ቫይረሱን ለዓመታት ይዞ ይኖራል። ውሎ አድሮ ጉበት ሊጠባስ ወይም ካንሰር ሊይዘው ይችላል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ይህ በሽታ በቋሚነት ነበረባቸው።

ሁለት ነገር አስታውሱ። አንደኛ፣ ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ ጭምር፣ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ባለፈው ሳምንት የተጠቀሙበት መርፌ ዛሬም ሊያስተላልፍ ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ አዋቂ ሰው ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ቫይረሱን ያስወግደዋል፤ በሽታው ቋሚ የሚሆንበት ከ100 ሰው ከ5 ያነሰው ነው። ከእናቱ የተያዘ ጨቅላ ግን ከ100 ወደ 95 ያህሉ ላይ በሽታው ቋሚ ይሆናል። ዛሬ በአንድ መርፌ የምትነቀስ ልጃገረድ የነገ እናት መሆኗን አንርሳ።

ሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለው፤ ሦስት ጊዜ ይሰጣል፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2007፣ በደቡብ ሱዳን ከ2014 ጀምሮ ከሕፃናት ክትባት ጋር ይሰጣል። ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን አልተከተብንም። ሄፓታይተስ ሲም እንዲሁ በደም ይተላለፋል። ለእርሱ ክትባት የለውም፤ የሚያድን መድኃኒት ግን አለው።

ነቃሹን የምትጠይቋቸው አምስት ጥያቄዎች

1. መርፌው አዲስ ነው? በፊታችሁ ከታሸገ ወረቀቱ ይከፈት።
2. ቀለሙ ለእኔ ብቻ የተቀዳ ነው? መርፌ አዲስ ሆኖ ቀለሙ የጋራ ከሆነ ዋጋ የለውም።
3. ቀለሙ ምንድን ነው? የባትሪ ድንጋይ ዱቄት፣ የተቃጠለ ጎማና የእስክሪብቶ ቀለም ለቆዳ አልተሠሩም።
4. እጅህን በሳሙና ታጥበሃል? አዲስ ጓንትስ አለህ?
5. ሌሎቹን መሣሪያዎች በምን ታጸዳለህ? በክብሪት ማሞቅና በአረቄ መጥረግ አያስተማምንም። ጀርሞችን ሙሉ በሙሉ የሚገድለው ጤና ተቋም ውስጥ ያለው የእንፋሎት ማምከኛ ዓይነት ነው።

አንዱ መልስ ካላረካችሁ ተነሱና ሂዱ። ነቃሹ ጓደኛችሁ ቢሆንም አትፈሩት።

ማን ቢቆይ ይሻለዋል?

ከ18 ዓመት በታች የሆነ፣ ነፍሰ ጡር፣ የስኳር በሽተኛ፣ ቁስሉ ሲድን የሚያብጥ ጠባሳ የሚተውበት፣ መነቀስ በፈለገበት ቦታ ላይ የቆዳ በሽታ ያለበትና መጠጥ የጠጣ ሰው አይነቀስ። ቤተሰብ ወይም እጮኛ ያስገደዳት ልጅም «አይሆንም» የማለት መብት አላት።

ንቅሳት በቀላሉ እንደማይጠፋም አስቡ። በጨረር ማስለቀቅ ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። የዛሬ ፍቅረኛችሁ ስም ነገም ክንዳችሁ ላይ ይኖራል። ፊት ላይ ያለ ምልክት ደግሞ ከየት እንደመጣችሁ ይናገራል። በሰላም ጊዜ ክብር የሆነው ምልክት በግጭት ጊዜ አደጋ ሊያመጣ እንደሚችል ብዙዎቻችን እናውቃለን።

ለሠርግና ለበዓል ማጌጥ የሚፈልግ እንሶስላ ወይም ንጹሕ ሂና መጠቀም ይችላል። የፀጉር ቀለም የተቀላቀለበት ጥቁር ሂና ግን ቆዳን ሊያቃጥልና ውኃ ሊያስቋጥር ስለሚችል ተጠንቀቁ።

ከተነቀሳችሁ በኋላ

ቦታውን በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡ። አመድ፣ ቡና ወይም የጥርስ ሳሙና አታድርጉበት።

• መርፌውን ከሌላ ሰው ጋር ከተጋራችሁ፦ በዚያው ቀን ኑ፤ ከ72 ሰዓት አታሳልፉ። ካለፈም ቅሩ ማለት አይደለም፤ ምርመራና ክትባት አለ።
• እብጠት፣ መግል ወይም ትኩሳት ካለ፦ ወዲያውኑ ኑ።
• መንጋጋ ከደረቀና አፍ መክፈት ካስቸገረ፦ ሌሊትም ቢሆን ኑ።
• ዓይን ቢጫ፣ ሽንት እንደ ሻይ ጥቁር ከሆነ፦ ከወራት በኋላም ቢሆን ኑ።

በልጅነታቸው የተነቀሱ እናቶችም አንድ ጊዜ ቢመረመሩ ጥሩ ነው። የምርመራ ውጤት ምስጢር ነው።

ለበጎ ፈቃደኞች የመወያያ ጥያቄዎች

1. አራቱ ጓደኛሞች መጀመሪያ የተሳሳቱት የት ላይ ነው?
2. ጤነኛ የሚመስል ሰው በሽታ ሊያስተላልፍ የሚችለው እንዴት ነው?
3. በሰፈራችሁ የሚነቅስ ሰው ቢኖር ሳታሸማቅቁት ምን ትሉታላችሁ?

እናቴ አሁንም በንቅሳቷ ትኮራለች፤ እኔም በእርሷ። ጤና ሠራተኛ ከሆንኩ በኋላ «ያ እሾህ ከአንቺ በፊት ማንን ነክቶ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «በዚያን ጊዜ ማን ይጠይቅ ነበር፣ ልጄ?» አለችኝ። እኛ ግን ዛሬ እንጠይቅ።