በቆሎ መብላት ራሰ በራ ያደርጋልን?

«ራሴ የበራው በቆሎና ቆጮ ስላዘወተርኩ ነው ወይ? ጤፍ ብበላ ይበቅልልኝ ነበር?» በሀዋሳ አጠገብ ማታ ማታ ስናስተምር ይህን የጠየቁን አንድ ጎልማሳ ገበሬ ናቸው። በግ ሸጠው ከገበያ የጸጉር ቅባት ሊገዙ አስበዋል። በግ ደግሞ ቀላል ሀብት አይደለም። ስለዚህ መልሱን ሁላችሁም እንድታነቡት ጽፈነዋል።

መጀመሪያ ቤታችሁን ተመልከቱ። ባልና ሚስት ከአንድ ገበታ ይበላሉ። የባል ራስ ከግንባሩ ሽቅብ ይበራል፤ አናቱም ይሳሳል። የሚስት ጸጉር ግን አለ። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ዓይነት ቆጮ በልተው ያድጋሉ። አንዱ ገና በ30 ዓመቱ ይበራል፤ ሌላው ሸብቶም ጸጉራም ነው። ከእህሉ ቢሆን ኖሮ ሁሉም እኩል በበሩ ነበር እኮ! ሩዝ የሚበላ ሕንዳዊም፣ ስንዴ የሚበላ ፈረንጅም፣ ጤፍ የሚበላ የጎጃም ሰውም ራሰ በራ ይሆናል።

ታዲያ ከምን ይመጣል? አንደኛው ምክንያት የዘር ውርስ ነው። ውርሱ ከአባት ብቻ ሳይሆን ከእናትም ወገን ይመጣል። የአባታችሁን ራስ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ አጎታችሁንም እዩ። ሁለተኛው ሆርሞን ነው። ሆርሞን ማለት ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ ከደም ጋር የሚዘዋወር ንጥረ ነገር ነው። ጢም የሚያበቅለው፣ ድምፅን የሚያጎረንነው የወንድ ሆርሞን፣ በውርስ የተጋለጠውን የአናት ጸጉር ሥር ያቀጭጨዋል። ጸጉሩ በአንድ ቀን አይጠፋም። ጭንጫ ላይ እንደተዘራ እህል በየጊዜው የሚበቅለው እየቀጠነ፣ እያጠረ ይሄዳል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን አሳየ። ለአካለ መጠን ሳይደርሱ የተሰለቡ ወንዶች ራሰ በራ እንደማይሆኑ ተመለከተ። የወንድ ሆርሞን በመድኃኒት መልክ ሲሰጣቸው ግን፣ በዘራቸው ራሰ በራ ያለባቸው ሰዎች ጸጉር መርገፍ ጀመረ።

ቅባቱስ? ሚኖክሲዲል የሚባል ሐኪሞች የሚያውቁት መድኃኒት አለ። አንዳንዱን ሰው ይረዳል፤ መቀባቱ ሲቋረጥ ግን የበቀለው ይረግፋል። ስለዚህ ዘወትር መግዛት ሊኖር ነው። ማን እንደሠራው የማይታወቅ የገበያ ቅባት በግ የሚሸጥለት አይደለም። እንዲህ ያለው ራሰ በራነት ጤና አይጎዳም፤ ለፀሐዩ ባርኔጣ ይበቃል።

እንዲህ ስንል ምግብና ጸጉር ፈጽሞ አይገናኙም ማለታችን አይደለም። ይልቅ የሚያሳስበን የልጆቻችሁ ጸጉር ነው። ጸጉር የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን በጣም ትንሽ ነው። ሕፃን ቆጮና የበቆሎ ገንፎ ብቻ እየበላ ቢያድግ ጸጉሩ ሊሳሳና ሊቀላ ይችላል፤ ሲስቡትም በቀላሉ ይነቀላል። እግሩ ያብጣል፤ መጫወት ይተዋል። ይህ የቡዳ ሥራ አይደለም፤ የምግብ እጦት ነው፤ ይገድላልም። ልጁን በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክንዱን ለክታ ትነግራችኋለች።

እናቶችም አሉ። ከወለዱ ከ3 ወር ገደማ በኋላ ጸጉራቸው ቢረግፍ አይደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ግን የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በሲዳማ ገጠር ነፍሰ ጡሮችን አጥንተው፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ከምግባቸው የሚያገኙት ዚንክ እንደሚያንስ ገልጸዋል። ዚንክ ለጸጉርም ለልጅ እድገትም ያስፈልጋል። በበቆሎ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ዚንኩንና ብረቱን አስሮ ይይዛል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ይህ ማሰሪያ ይላላል። ጤፍም በብረት ይበልጣል፤ የበራ አናት ላይ ጸጉር አያበቅልም እንጂ።

በቆሎውን አትተዉት። ቦሎቄ ጨምሩበት። ለሕፃኑ ገንፎ ወተት ወይም እንቁላል ይግባበት። ከሐይቁ ቆሮሶ ሲገኝም ቀቅላችሁ፣ እሾሁን በጣት እየዳሰሳችሁ አውጥታችሁ ስጡት።