«ቁጭ በሉ» እና «ቁጭ ይበሉ»፦ የትእዛዝና የጥያቄ አነጋገር በቋንቋዎቻችን

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ትምህርት ስለ ሰዋስው ነው። «ሰዋስውማ በትምህርት ቤት ሰልችቶናል» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሆኖም አንዲት ፊደል በሰውና በሰው መካከል ጠብ ልታስነሣ እንደምትችል በራሴ ደርሶ ስላየሁት ብዕር አነሣሁ።

ባለፈው ክረምት ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ቆቦ መጥቼ ነበር። አንድ ቀን አያቴን ይዤ ወደ ወልድያ ለመሄድ ስንነሣ፣ መኪና እስኪሞላ ድረስ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ገባን። መቀመጫው ሁሉ ተይዟል። ከአላማጣ በኩል የመጣ አንድ ወጣት ከአግዳሚው ብድግ አለና አያቴን «አባ፣ ቁጭ በሉ» አላቸው። እኔ ደሜ ፈላ። ለአንድ ሽማግሌ «ቁጭ ይበሉ» ይባላል እንጂ፣ እንደ መንደር ልጆች ስብስብ «ቁጭ በሉ» ይባላል? «ማንን ነው የምታዝዘው?» ብዬ ጮኽሁበት። ልጁ ደንግጦ ዝም አለ። አያቴ ግን በዱላቸው እግሬን ነካ አድርገው፣ «ልጄ፣ ያከበረኝን ሰው ለምን ትቆጣዋለህ? እሱ በቋንቋው ወግ ነው ያከበረኝ» አሉኝ። በወጣትነታቸው እህል ጭነው እስከ ኮረም ገበያ ይወጡ ስለነበር ትግርኛ ይሰማሉ።

ያን ቀን ያልገባኝን ነገር በኋላ መጽሐፍ ገልጬ፣ ሰውም ጠይቄ ተረዳሁት። እነሆ።

1. አክብሮት በየት በኩል ይመጣል?

በአማርኛ ወንዱን «ና»፣ ሴቲቱን «ነይ»፣ ብዙዎችን «ኑ» እንላለን። አንድ ትልቅ ሰው ሲሆን ግን «ይምጡ» እንላለን። ልብ በሉ፤ «ይምጡ» በፊታችን ለሌሉ ሰዎችም የምንናገረው ቃል ነው፤ «እንግዶቹ ይምጡ» እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ አማርኛ ሲያከብር ፊት ለፊት ትእዛዝ አይወረውርም፤ ፊታችን ያሉትን ትልቅ ሰው በሩቅ እንዳሉ አድርጎ ምኞቱን ይናገራል። ከአውሮፓ ቋንቋዎች ጀርመንኛ በዚህ መንገድ ይሄዳል።

ትግርኛ ሌላ መንገድ አለው። ለአንድ ወንድ ልጅ «ኮፍ በል»፣ ለብዙዎች «ኮፍ በሉ» ይላል። ለአንድ ሽማግሌም «ኮፍ በሉ» ይላል፤ አንዱን እንደ ብዙ ቆጥሮ ያከብረዋል ማለት ነው። ኦሮምኛም እንዲሁ ነው፤ ለአንዱ «ኮቱ»፣ ለብዙዎችና ለሚከበር ሰው «ኮታ» ይላል። ፈረንሳይኛም አንዱን የሚያከብረው በብዙ ቍጥር ነው።

እንግዲህ ያ ወጣት ያደረገው «ኮፍ በሉ» የሚለውን በልቡ ይዞ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መመለስ ነበር፤ «ቁጭ በሉ» ሆነ። ቃሉ አማርኛ ነው፤ አክብሮቱ ግን የትግርኛ ነው። እኔ ቃሉን ሰማሁ፤ አክብሮቱን አልሰማሁም።

ግዕዝ ደግሞ የአክብሮት መደብ የለውም። ለሎሌውም ለንጉሡም «አንተ» ይላል፤ ለሁለቱም «ነዓ» ይላል። እኛም በአማርኛ ስንጸልይ ፈጣሪን «አንተ» እንላለን፤ ማንም ግን ድፍረት ነው አይለውም።

2. ስንጠራ ቃሉ ለምን ይለወጣል?

«ሄደ» ብለን «ሂድ» እንላለን፤ «በላ» ብለን «ብላ» እንላለን። «መጣ» ብለን ግን «ምጣ» አንልም፤ «ና» እንላለን። ሥሩ ሌላ ነው። ግዕዙም «መጽአ» ብሎ «ነዓ» ይላል። ትግርኛው «መጺኡ» ብሎ «ንዓ» ይላል። ከእነዚህ በዝምድና የራቀው ኦሮምኛ እንኳ «ዹፌ» (መጣ) ብሎ ሲጠራ «ኮቱ» ይላል። ዐረብኛም «ጃአ» ብሎ «ተዓል» ይላል።

ነገር ግን ስንከለክል ወደ ቀድሞው ሥር እንመለሳለን፤ «አትምጣ» እንላለን። በአክብሮትም «ይምጡ» እንላለን። ልዩ የሆነው ፊት ለፊት የሚደረገው ጥሪ ብቻ ነው።

3. ክልከላና ወሬ በምን ይለያሉ?

የሚከተሉትን ጥንዶች አስተያዩ። የመጀመሪያው ክልከላ ነው፤ ሁለተኛው ወሬ ነው።

በአማርኛ፦ አትሂድ — አትሄድም
በትግርኛ፦ ኣይትኺድ — ኣይትኸይድን
በኦሮምኛ፦ ሂን ዴሚን — ሂን ዴምቱ
በግዕዝ (ስለ መግደል)፦ ኢትቅትል — ኢትቀትል

አማርኛና ትግርኛ ወሬውን በመጨረሻ ይዘጉታል፤ አንዱ በ«ም»፣ ሌላው በ«ን»። ክልከላው ግን ያለ መዝጊያ ይቀራል። በግዕዝ ልዩነቱ ከመካከል ነው፤ «ቅ» ከሆነ «አትግደል»፣ «ቀ» ከሆነ «አትገድልም» ይሆናል። በዜማ ትምህርት የኔታ አንዲት ፊደል ስትሳት ለምን እንደሚያርሙ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ በአንዲት ፊደል ሕጉ ወሬ ይሆናልና።

4. ጥያቄው የትኛው ቃል ላይ ነው?

እንግሊዝኛ ጥያቄ ሲጠይቅ የቃላቱን ተራ ይለዋውጣል፤ «ዩ አር ሬዲ» የነበረው «አር ዩ ሬዲ» ይሆናል። በእኛ ዘንድ ግን ማሰሪያ አንቀጹ ከመጨረሻ አይነቃነቅም፤ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ወይም «ወይ» ይጨመራል።

ግዕዝ ደግሞ «ኑ» ወይም «ሁ» የምትባል ምእላድ አለችው። የምትለጠፈው በሚጠየቀው ቃል ላይ ነው። «መጽአኑ እኁከ?» ቢል ጥያቄው ስለ መምጣቱ ነው፤ «ወንድምህ መጣ ወይ?» ማለት ነው። «እኁከኑ መጽአ?» ቢል ግን መምጣቱ ታውቋል፤ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ነው። አማርኛ ይህን ለመለየት ዓረፍተ ነገሩን ይሰነጥቀዋል፤ «የመጣው ወንድምህ ነው ወይ?» ይላል። ትግርኛም «ሓውኻ ድዩ መጺኡ?» ብሎ ይለየዋል። ዳኛ ወይም ሽማግሌ ምስክር ሲጠይቅ ይህ ልዩነት ብዙ ዋጋ አለው፤ «መታው ወይ?» እና «የመታው እሱ ነው ወይ?» አንድ ጥያቄ አይደሉምና። ሁለተኛው አንድ ሰው መመታቱን አስቀድሞ አምኗል።

ጥያቄ መስሎ ትእዛዝ የሚሆንም አለ። እናት ልጇን «በሩን አትዘጋውም?» ስትል መልስ አትጠብቅም፤ ብድግ ብሎ እንዲዘጋ ነው። እንግሊዝኛም «ካን ዩ» ብሎ በሩን መዝጋት ይቻልህ እንደሆነ ሲጠይቅ ልመናው ነው፤ «አዎን፣ እችላለሁ» ብሎ ቁጭ የሚል ተማሪ ሰዋስው ቢያውቅም ሰው አላወቀም። ደግሞ «ማን ፈቀደልህ?» የሚል ሰው ስም አይፈልግም፤ እየገሠጸ ነው። እኔም ያን ወጣት «ማንን ነው የምታዝዘው?» ያልሁት ለመጠየቅ አልነበረም። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ መልሱን እሰማ ነበር።

5. «ይቅር በል»

ከሁሉ ያስገረመኝ ይህ ነው። ይቅርታ ስንለምን «ይቅር በለኝ» እንላለን። ቃሉን ብንፈታው «ይቅር» ማለት «ቀረ» ከሚለው የወጣ የምኞት ቃል ነው፤ «ይምጣ»፣ «ይሂድ» እንደማለት። ስለዚህ «ይቅር በለኝ» ማለት «በደሌን ‹ይቅር!› ብለህ ተናገር» ማለት ነው። ማሰሪያው ትእዛዝ ነው፤ የሚናገረው ግን በደለኛው ነው። «ማረን» ብለን ስንጸልይም እንዲሁ ነው። ታላቅ ለታናሽ ሲናገረው ትእዛዝ የሆነው አንቀጽ፣ ታናሽ ለታላቅ ሲናገረው ልመናና ጸሎት ይሆናል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በነበረው ጦርነት ቆቦም አላማጣም ተጎድተዋል። ሰው የጎረቤቱን አነጋገር በጆሮው ሳይሆን በቁስሉ የሚሰማበት ጊዜ አለ። እኔንም ያስጮኸኝ «በሉ» የሚለው ቃል ብቻ እንዳልነበረ ዛሬ ራሴን ስመረምር አምናለሁ፤ ከቃሉ በፊት የልጁን ቅላጼ ሰምቼ ነበር። አያቴ ባይገሥጹኝ ኖሮ የተከበሩበትን ቃል ስድብ አድርጌ ይዤ እሄድ ነበር።

መኪናው ሊነሣ ሲል ወደ ልጁ ተመልሼ «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አልሁት። ፈገግ ብሎ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለኝ። በጥሩ አማርኛ ነው ያለው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሌላ አገር ሰው በቋንቋችን ሲናገር ቃሉ ሸካራ ከሆነብን፣ ከመቆጣታችን በፊት «በአገሩ ይህ እንዴት ይባላል?» ብለን እንጠይቅ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ) በቤታችሁ ለአያት፣ ለእናትና ለታናሽ ወንድም «ብላ» የሚለው ቃል እንዴት እንዴት ይባላል?
ለ) «አትመጣም» የሚለውን ቃል እንደ ወሬ፣ እንደ ጥያቄና እንደ ጥሪ እያደረጋችሁ ተናገሩት። ልዩነቱን ምን አመጣው?
ሐ) ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚያውቅ ጎረቤት ፈልጉና ለሽማግሌ «ይግቡ» እንዴት እንደሚባል ጠይቃችሁ ለሚመጣው እሑድ አምጡ።