ከደጅ ሆኖ ተራራን ስለ መሣል

ባለፈው ሰሞን ለአንድ ክፍል ሠልጣኞች «እንጦጦን ሥላችሁ አምጡ» የሚል የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። የመጣልኝ ሥራ አብዛኛው መንታ ይመስላል። ሦስት ሹል ሦስት ማዕዘኖች፣ በመካከላቸው ጨረሯን የዘረጋች ፀሐይ፣ ከሥር ደግሞ ድፍን አረንጓዴ ደን። እንጦጦ ግን ሹል አይደለም። ከጃን ሜዳ ሆኖ ላየው ሰው ጀርባው ደልደል ያለ ረጅም ሸንተረር ነው። ፀሐይቱም ብትሆን ከዚያ ወገን አትወጣም፤ ተራራው ያለው በሰሜን በኩል ነውና!

ታዲያ ይህን ሁሉ ሠልጣኝ ምን አሳሳተው? ተራራውን ሳይሆን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከሰሌዳ የገለበጠውን ተራራ ስለ ሣለ ነው። ነገ እሱ በተራው ተመድቦ ሲሄድ ለ60 ልጆች ያንኑ ሦስት ማዕዘን ይሥልላቸዋል፤ እውነተኛው ተራራ ግን በመስኮት በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነገሩ ስለ ከነከነኝ ቅዳሜ ጧት ከሰልና ካርቶን አስይዤ ይዣቸው ጃን ሜዳ ሄድን።

ከደጅ ለሚሥል ሰው የመጀመሪያው ጭንቀት ብርሃን ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ቦታ ትለውጣለች፤ በ1 ሰዓት ሸለቆው ውስጥ የነበረው ጥላ በ3 ሰዓት ፈልጋችሁ አታገኙትም። ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 የእህል ክምር ሲሥል ብዙ ሸራ አዘጋጅቶ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ሸራ ይለዋውጥ ነበር። ከዚያም 25 ያህል ሥዕሎች ወጡ። እኛ ያለን አንድ ካርቶን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የጥላውን ድንበር በከሰል አስምሩ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይቱ የትም ትሂድ፣ እናንተ ያሰመራችሁትን አትንኩ። ከሠልጣኞቹ አንዱ ጥላውን እየተከተለ ሲያጠፋና ሲሥል አርፍዶ በመጨረሻ ካርቶኑ ጥቁር ጨርቅ መሰለ።

ሰዓት መምረጥም ለእኛ አገር የተለየ ነገር አለው። አዲስ አበባ ላይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ግድም እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። በሌላውም ወር ቢሆን ቀትር ላይ ጥላ አጭር ስለሆነ ሸንተረሩና ሸለቆው ተደባልቆ ተራራው እንደ ግድግዳ ይለጠፋል። ስለዚህ ከጧቱ 1 እስከ 3፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስኪመሽ ድረስ ያለው ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ። ዝርዝሩ ይጠፋና ሰማዩ ነጣ ያለ፣ ተራራው መካከለኛ፣ ቅርብ ያለው ዛፍ ጥቁር ሆኖ ይታያችኋል። እነዚህን ሦስቱን ብቻ በትክክል ያስቀመጠ ግማሹን ሥራ ጨርሷል። የራቀ ተራራ የሚሰማየው በመካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ከሌላው አብልጦ ስለሚበትነው ነው፤ በበጋ አቧራ ሲነሣ ደግሞ ቡናማነት ይገባበታል። በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍም ከሩቅ ሲያዩት ወደ አመድማነት ያደላ እንጂ ድፍን አረንጓዴ አይደለም። አረንጓዴያችሁ ላይ ቀይ አፈር ጠብ ብታደርጉበት ጩኸቱ ይበርዳል።

ቀለም የለም የሚል ወሬ መስማት አልፈልግም። ቀለም በቆርቆሮ ቱቦ መታሸግ የጀመረው አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ራንድ እ.ኤ.አ. በ1841 ከፈለሰፈው ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ሠዓሊዎች በአሳማ ፊኛ ቋጥረው ይይዙት ነበር። በገጠር ትምህርት ቤት የተነፋ አፈር፣ ከሰልና በውሃ የተበጠበጠ የግራር ሙጫ አይጠፋም። ሙጫው ቀለሙን ወረቀቱ ላይ ያጣብቀዋል።

አሁን ወደ ሰው ልምጣ። በአደባባይ የሚሥል ሰው ብቻውን አይሆንም። ጃን ሜዳ ላይ ገና ሳንቀመጥ ልጆች ከበቡን። አንዲት ሠልጣኝ አፍራ ካርቶኗን ልትሸፍን ስትል አንድ ትንሽ ልጅ «እትዬ፣ ያ ዛፍ እኮ ጠማማ ነው፣ አንቺ ለምን አቃናሽው?» አላት። ቀና ብላ አየች፤ እውነትም ጠማማ ነው። ከዚያ በኋላ አልሸፈነችም።

እኔ ግን ተማሪ ሳለሁ ያደረግሁትን አንድ ነገር ልናዘዝ። በእንጦጦ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስሥል አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው ቁልቁል መጡ። ለሥዕሌ አማሩኝና «እናቴ፣ እባክዎ አንዴ ይቁሙልኝ» አልኳቸው። እሺ ብለው ቆሙ። እኔ ጎንበስ ብዬ እጫጭራለሁ። ከቆይታ በኋላ «ልጄ፣ አላለቀልህም? ወገቤ ተቆረጠ እኮ» አሉኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ሸክሙ ከጀርባቸው አልወረደም ነበር! እኔ ተቀምጫለሁ፣ እሳቸው ቆመዋል። ዘልዬ ተነሥቼ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እሳቸው ግን ወደ ካርቶኔ እንኳ ሳያዩ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ያንን ሥዕል አልጨረስኩትም።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው። መንገደኛን አላስቆምም። ሁለት ሦስት ሰው ሲያልፍ አረማመዱን አይና በአራት ጭረት አስቀምጠዋለሁ። ከሩቅ ያለ ሰው ፊት አያስፈልገውም። ፊቱ የሚታይ ከሆነ ግን ከመጀመሬ በፊት አስፈቅዳለሁ፣ ሲያልቅም አሳየዋለሁ። እምቢ ካለ እምቢ ነው፤ ገበያውም መንገዱም የእሱ የሥራ ቦታ ነው።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ኮንስተብል እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 ደመና ሲሥል ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን ሁኔታ ሥዕሉ ጀርባ ላይ ይጽፍ ነበር። እናንተም ጻፉ፤ የጂኦግራፊ መምህሩም ይፈልጉት ይሆናል።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ከጧቱ 12፡30 ላይ ከግቢው በር እንገናኛለን። ያለፈው ሥራችሁን ከአዲሱ ጎን ለጎን ስለምንሰቅለው ሦስት ማዕዘኖቹን አትጣሉ። ላጲስ ግን ማንም እንዳያመጣ።