ራቅ ላሉ ሰፈሮች የሚሰጥ የአየር አገልግሎት፦ ድጎማው የት ያርፋል?

መኪና በማይደርስበት፣ ወንዝ ሲሞላ ወይም በረዶ ሲጥል ከሌላው አካባቢ ጋር ያለው ግንኙነት በሚቋረጥ ስፍራ ለሚኖር ሕዝብ አውሮፕላን የቅንጦት ነገር አይደለም። መድኃኒቱ፣ ደብዳቤው፣ መምህሩና ሐኪሙ የሚመጡት፣ ምጥ የጠናባት እናትም ወደ ሆስፒታል የምትወሰደው በአውሮፕላን ነው። ሆኖም የዚህ ዓይነቱ ሰፈር ነዋሪ ቁጥሩ አነስተኛ፣ ገቢውም ዝቅተኛ በመሆኑ ከቲኬት ሽያጭና ከጭነት የሚገኘው ገንዘብ የነዳጁን፣ የአብራሪውንና የጥገናውን ወጪ አይሸፍንም። ስለዚህ ወይ መንግሥት ልዩነቱን ይከፍላል፣ ወይ በረራው ይቋረጣል። መንግሥት የሚከፍለው ይህ ልዩነት ድጎማ ይባላል።

የድጎማ ገንዘብ ከግምጃ ቤት ወጥቶ ወደ ነዋሪው እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጆች ያልፋል። በመንገድ ላይ የቀረው ስንት ነው፣ ነዋሪው ዘንድ የደረሰውስ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ የርዳታ እህልን ከወደብ እስከ ማከፋፈያ ጣቢያ ለሚያጓጉዙ ሠራተኞች እንግዳ አይደለም። ከዚህ በታች የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታትና የካናዳ ልምድ በሦስት ዓይነት የአከፋፈል ዘዴ ተከፍሎ ይቀርባል፤ ቀጥሎም ከድርቅና ከሠፈራ ሥራ ጋር ያለው ግንኙነት ይታያል። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ለበረራው መክፈል

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት እስከ 1978 ድረስ አየር መንገዶች የት እንደሚበሩና ስንት እንደሚያስከፍሉ የሚወስነው በ1938 በወጣው ሕግ መነሻነት የተቋቋመው የሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርድ ነበር። በዚያ ሥርዓት ትርፍ ያለውን መሥመር የያዘ ድርጅት ትርፍ የሌላቸውን ትናንሽ ከተሞችም የማገልገል ግዴታ ነበረበት። ፕሬዚደንት ጂሚ ካርተር ኦክቶበር 24 ቀን 1978 የፈረሙት ሕግ ይህን ቁጥጥር ሲያነሣ፣ ድርጅቶቹ ትርፍ ወዳለበት ተሰብስበው ትናንሽ ከተሞችን ይተዋሉ የሚል ሥጋት ተፈጠረ። በመሆኑም በዚያው ሕግ ውስጥ «አስፈላጊ የአየር አገልግሎት» የተባለ ፕሮግራም እንዲቋቋም ተደረገ። በወቅቱ የፕሮግራሙ ዋስትና የተሰጣቸው 746 ማኅበረሰቦች ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ 237ቱ በአላስካ የሚገኙ ነበሩ። ሁሉም ግን ድጎማ የሚያስፈልጋቸው አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ያለ ድጎማ የሚያገለግላቸው ድርጅት ነበራቸው።

ፕሮግራሙ የታሰበው ለ10 ዓመት ብቻ ነበር። በ1987 በወጣ ሕግ ለሌላ 10 ዓመት ተራዘመ፤ በ1996 ደግሞ የማብቂያ ጊዜው ከነጭራሹ ከሕጉ ወጣ። ለመሸጋገሪያ ተብሎ የተጀመረ ድጎማ የነዋሪው ኑሮ መሠረት ከሆነ በኋላ ማቋረጥ እጅግ አስቸጋሪ እንደሚሆን ከዚህ ይታያል።

የአከፋፈሉ ዘዴ የሚከተለው ነው። ትርፍ ስለሌለው ያለ ድጎማ የሚበርበት ድርጅት ሲጠፋ የትራንስፖርቱ መሥሪያ ቤት ጨረታ ያወጣል፤ የማኅበረሰቡንም አስተያየት ተቀብሎ አሸናፊውን ለተወሰነ ጊዜ ይቀጥራል። ክፍያው የሚፈጸመው በተጠናቀቀ በረራ ልክ ነው። ያልተበረረ በረራ አይከፈልበትም። ይህ ዘዴ አውሮፕላኑ በሰዓቱ እንዲነሣ ያደርጋል። ነገር ግን ባዶውን የበረረውም ሆነ ሞልቶ የበረረው አውሮፕላን እኩል ድጎማ ያገኛል።

ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ለአንድ የአንድ አቅጣጫ በረራ የሚከፈለው ድጎማ 1,500 ዶላር ነው ቢባልና በአውሮፕላኑ ስድስት ሰዎች ቢጓዙ፣ ለአንድ ተጓዥ የወጣው 250 ዶላር ነው። ሦስት ሰዎች ከተጓዙ 500 ይሆናል፤ አንድ ሰው ብቻ ከተጓዘ ግን 1,500 ዶላር በሙሉ ለእርሱ ወጣ ማለት ነው። በበጀት መዝገብ ላይ ሦስቱም በረራዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው ከአውሮፕላኑ የወረዱትን ሰዎች ለቆጠረ ብቻ ነው።

የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ይህን ጉድለት ለማረም መለኪያውን ቀስ በቀስ ከበረራው ወደ ተጓዡ አዛውረዋል። በመጀመሪያ በ48ቱ ተያያዥ ግዛቶች ከትልቅ ወይም ከመካከለኛ አውሮፕላን ማረፊያ 210 ማይል፣ ማለትም 338 ኪሎ ሜትር ያህል በማይርቁ ከተሞች ድጎማው በአንድ ተጓዥ ከ200 ዶላር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በ2011 ርቀቱ ምንም ይሁን ምን በተጓዥ ከ1,000 ዶላር እንዳያልፍ ተደነገገ። በ2012 ደግሞ በጣም ካልራቁት ከተሞች በአገልግሎት ቀን በአማካይ ቢያንስ 10 ተሳፋሪ የማያሳፍር ከፕሮግራሙ እንዲወጣ ተደረገ፤ አላስካና ሃዋይ ግን ከዚህ ነጻ ሆኑ።

ይህም ሆኖ አንድ ችግር ቀርቷል። መልካም መንገድ ባለበት አካባቢ ነዋሪው በደጁ ያለውን አነስተኛ አውሮፕላን ትቶ ብዙ በረራና ርካሽ ቲኬት ወዳለበት ትልቅ ከተማ በመኪናው ይነዳል። በዚህ ጊዜ ድጎማው የሚደግፈው ነዋሪው የተወውን አገልግሎት ነው። ስለዚህ መንገድ ያለውና መንገድ የሌለው ሰፈር በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም።

2. ለጭነቱ መክፈል

ስፋቷ ከኢትዮጵያ የምትበልጠው አላስካ ከአብዛኞቹ መንደሮቿ ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የላትም። በዚያ የሚደጎመው ተጓዡ ብቻ ሳይሆን የምግብና የሸቀጥ ጭነትም ነው። በ1980ዎቹ በሴናተር ቴድ ስቲቨንስ ጥረት በተመሠረተው ሥርዓት መሠረት፣ በአንኮሬጅ ወይም በፌርባንክስ ያለ አቅራቢ ቢያንስ 1,000 ፓውንድ፣ ማለትም 454 ኪሎ ያህል የሆነ ጭነት አዘጋጅቶ በፖስታ ቤት በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ለአየር መንገዱ ያስረክባል። ላኪው የሚከፍለው የተራ ጥቅል ፖስታ ዋጋ ሲሆን፣ ልዩነቱን የአገሪቱ ፖስታ ቤት ይሸፍናል።

የዚህ ዘዴ ጥቅም አንዱ ክፍያ ሁለት አገልግሎት መደገፉ ነው። ጭነቱ ለበረራው ቋሚ ገቢ ስለሚሆን ተጓዡም በዚያው መሥመር ይጓዛል። በ2002 የወጣ ሕግ ይህን ግንኙነት ይበልጥ አጠናከረው፤ ከፖስታው ጭነት ከፍ ያለው ድርሻ ተሳፋሪም ለሚያጓጉዙ ድርጅቶች እንዲሰጥ አደረገ። በሌላ በኩል የፖስታ ቤቱ ኪሣራ በየዓመቱ በአሥር ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር በመሆኑ፣ የአላስካን ድጎማ የሚሸከመው የመላው አገር ፖስታ ተጠቃሚ ነው የሚል ክርክር ሲነሣበት ቆይቷል።

ሌላም ትምህርት አለ። በኤፕሪል 2020 በአላስካ ከመቶ በላይ ማኅበረሰቦችን ያገለግል የነበረው የራቭን አየር መንገድ ቡድን በወረርሽኙ ምክንያት ተጓዥ ሲያጣ ሥራውን በአንድ ጊዜ አቆመ። ሌሎች ድርጅቶች ፈጥነው ክፍተቱን ለመሙላት ተገደዱ። የብዙ መንደር ሕይወት በአንድ ድርጅት ትከሻ ላይ ሲወድቅ፣ ድርጅቱ ሲወድቅ መንደሮቹም አብረው ለአደጋ ይጋለጣሉ።

3. ለነጋዴው መክፈል

በሰሜን ካናዳ የፌዴራሉ መንግሥት ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ሩቅ መንደሮች በአውሮፕላን የሚላክ ምግብን በፖስታ ቤቱ በኩል ሲደግፍ ቆይቷል። ኤፕሪል 1 ቀን 2011 ይህ ቀርቶ «ኑትሪሽን ኖርዝ» በተባለ ፕሮግራም ተተካ። በአዲሱ ዘዴ ድጎማው የሚሰጠው ለተመዘገቡ ነጋዴዎች ነው። የሚሰላው በኪሎ ሲሆን፣ መጠኑም እንደ ምግቡ ዓይነትና እንደ መንደሩ ይለያያል። ነጋዴው ያገኘውን ድጎማ በሙሉ በሱቁ ዋጋ ላይ ቀንሶ ለሸማቹ እንዲያስተላልፍ ይጠበቃል።

በ2014 የካናዳ ዋና ኦዲተር ፕሮግራሙን መርምሮ፣ ኃላፊው መሥሪያ ቤት ነጋዴዎቹ ድጎማውን በሙሉ ለሸማቹ ማስተላለፋቸውን አለማረጋገጡን ገለጸ። ኪሎው ተመዝኗል፣ ሰነዱ ተፈርሟል፣ ክፍያው ተፈጽሟል፤ የአንዲት እናት የወተት ወጪ በእርግጥ ስለ መቀነሱ ግን ማስረጃ አልነበረም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

4. «ሕዝቡ ለምን አይነሣም?»

የድጎማው ወጪ ከፍ ሲል በየአገሩ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ አገልግሎቱን ወደ ሕዝቡ ከመውሰድ ይልቅ ሕዝቡን አገልግሎት ወዳለበት መውሰድ አይሻልም ወይ? ይህ ሐሳብ በወረቀት ላይ ሲሰላ ርካሽ ይመስላል። ካናዳ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደ ታሪክ አላት። በ1953ና በ1955 መንግሥት ከሰሜን ኩቤክ ኢኑክጁዋክ የኢኑዊት ቤተሰቦችን አንሥቶ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር በሚርቁት ሬዞሉትና ግራይዝ ፊዮርድ በተባሉ ስፍራዎች አሠፈራቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ መመለስ ትችላላችሁ ተብለው ነበር፤ ቃሉ ግን አልተጠበቀም። ቤተሰቦች ተለያዩ፣ በማያውቁት ብርድና ጨለማ ተቸገሩ። የካናዳ መንግሥት በ2010 በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ሁለቱ መንደሮች ዛሬም የሚኖሩት በአውሮፕላንና በየዓመቱ በሚመጣ መርከብ ላይ ተደግፈው ነው። ሕዝብን ማንቀሳቀስ የትራንስፖርትን ወጪ ወደ ሌላ ቦታና ወደ ሌላ ዘመን ያሸጋግረዋል እንጂ ሁልጊዜ አያስቀረውም።

5. ከድርቅና ከሠፈራ ሥራ ጋር ያለው ግንኙነት

በኢትዮጵያ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ልዩ ልዩ መንግሥታት የላኳቸው ማመላለሻ አውሮፕላኖች እህል አጓጉዘዋል። የብሪታንያ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ከኖቬምበር 1984 እስከ ዲሴምበር 1985 የሠሩ ሲሆን፣ ማረፊያ በሌላቸው ተራራማ ቦታዎችም እህል ከአየር ተጥሏል። ይህ ሥራ ሕይወት አድኗል። ሆኖም አንድ ሄርኩለስ በአንድ ጉዞ ቢበዛ የሚያነሣው 20 ቶን ያህል፣ ማለትም 200 ኩንታል ነው። በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል ቢታደል ይህ ለ1,333 ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ይሆናል። አንድ ተሳቢ ያለው ከባድ የጭነት መኪና መንገድ ካገኘ ይህንኑ ያህል እህል ያነሣል። ስለዚህ አውሮፕላን መንገድ እስኪከፈት ድረስ ጊዜ የሚገዛ መሣሪያ እንጂ የመንገድ ምትክ አይደለም።

በእነዚያው ዓመታት፣ ከ1984 እስከ 1986፣ ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ተወስደዋል። ከትግራይ የተነሡት ብዙዎች የተጓጓዙት በሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላኖች ነበር። ሳይወዱ የሄዱ፣ ከቤተሰባቸው የተለያዩ፣ በሠፈራው ቦታ በበሽታ የሞቱና በእግር ለመመለስ የሞከሩ ጥቂት አይደሉም። ለማጓጓዣው አውሮፕላን ተገኝቷል፤ በሠፈራ ጣቢያዎቹ የነበረው የጤና፣ የመንገድና የገበያ አገልግሎት ግን ከሠፋሪው ቁጥር ጋር አልተመጣጠነም። ሠፋሪን ወደ ሩቅ ቦታ የሚወስድ መንግሥት ለዚያ ቦታ የረጅም ዘመን የአገልግሎት ወጪ ኃላፊነት እንደሚገባ አስቀድሞ ማስላት ነበረበት።

በርዳታ ሥራ ውስጥ ራሱን የቻለ ድጎማም አለ። በዓለም የምግብ ፕሮግራም የሚመራው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ አየር አገልግሎት የርዳታ ሠራተኞችንና ቀላል ጭነትን ወደ ሩቅ ቦታዎች ያደርሳል፤ ከወጪው ከፍተኛውን ክፍል የሚሸፍኑትም ለጋሾች ናቸው። አገልግሎቱ የተቋቋመው ለሠራተኞቹ በመሆኑ የአካባቢው ነዋሪ በመደበኛነት አይሳፈርበትም። ይህ የአሠራሩ ደንብ ነው፤ ጥፋትም አይደለም። ነገር ግን አንድ ወረዳ በሳምንት ሦስት ጊዜ አውሮፕላን ስላረፈበት ሕዝቡ የአየር አገልግሎት አገኘ ብሎ ሪፖርት ማድረግ ስሕተት ይሆናል።

6. ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከላይ ከታየው በመነሣት የትራንስፖርት ድጎማ የሚያጸድቅ ወይም የሚቆጣጠር ኃላፊ የሚከተሉትን ሊያጣራ ይገባል።

ሀ. ክፍያው የሚፈጸመው ለማን ነው? ለአጓጓዡ፣ ለነጋዴው ወይስ ለማኅበረሰቡ?

ለ. መለኪያው ምንድን ነው? የተበረረው በረራ፣ የተጫነው ኪሎ ወይስ ነዋሪው ያገኘው ጥቅም?

ሐ. በመድረሻው ቦታ የሚያረጋግጠው ማን ነው? የሱቁን ዋጋ፣ የወረደውን ኩንታልና ወደ ሆስፒታል የተላከውን በሽተኛ የሚመዘግብ ሰው ተመድቧል ወይ?

መ. አጓጓዡ ድርጅት በድንገት ቢያቆም ተተኪው ማን ነው?

ሠ. መንገድ ሲሠራ ድጎማው እንዴት እንደሚቀነስና ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ከወዲሁ ተወስኗል ወይ?

እነዚህ ጥያቄዎች ድጎማን ለመቃወሚያ የቀረቡ አይደሉም። የራቀ ሰፈር ነዋሪ እንደ ማንኛውም ዜጋ የመንግሥት አገልግሎት ይገባዋል፤ ሩቅ መሆኑም ወጪውን ያበዛል እንጂ መብቱን አይቀንስም። ወጪው ከበዛ ዘንድ ግን ቁጥጥሩ አውሮፕላኑ ከሚነሣበት ከተማ ይልቅ በሚያርፍበት ሜዳ ሊጠነክር ይገባል። የጭነት ሰነድ የሚፈረመው በመነሻው ነው፤ የተራበው ሰው ያለው ግን በመድረሻው ነው።