ያረጀ ሞተር በሙቀት ወቅት ለምን ይፈላል?

ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ወደ ደጀን በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ኮፈናቸው ተከፍቶ እንፋሎት የሚተፉ አሮጌ መኪናዎችን ማየት የተለመደ ነው። አሽከርካሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚወቅሰው በረሃውን ነው። ሆኖም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዳገት ሌሎች መኪናዎች ያለ ችግር ያልፋሉ። ስለዚህ የአየሩ ሙቀት የበሽታው መነሻ ሳይሆን፣ ተደብቆ የቆየ በሽታን የሚያጋልጥ ፈተና ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ይህን ሐሳብ በፊዚክስ ሕግጋት እናብራራለን፤ ዕቃ ከመለወጥ በፊትም ጉድለቱ የት እንዳለ እንዴት እንደሚለይ እንመለከታለን።

የሙቀት ገቢና ወጪ

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 32 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይሰጣል። ከዚህ ውስጥ መኪናውን ለማንቀሳቀስ የሚውለው ሲሦው ወይም ከዚያ ያነሰው ነው። ሌላው ሲሦ ገደማ ከጭሱ ጋር በማርሚታ በኩል ይወጣል፤ የቀረው በአብዛኛው ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። በሰዓት 10 ሊትር የሚያቃጥል ሞተር በዚህ ስሌት ወደ ውሃው የሚያስገባው ሙቀት 30 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። ይህም ስምንት ያህል የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ከሚሰጡት ሙቀት ጋር ይስተካከላል።

ይህ ሙቀት ሦስት ደረጃዎችን ያልፋል፦ ከሞተሩ ብረት ወደ ውሃው፣ በውሃው ዝውውር ወደ ራዲያተሩ፣ ከራዲያተሩ ወደ አየሩ። የመጨረሻው ደረጃ ፍጥነት በውሃውና በአየሩ መካከል ባለው የሙቀት መጠን ልዩነት ይወሰናል። ውሃው 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አየሩ 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 75 ነው። አየሩ ወደ 35 ዲግሪ ከፍ ቢል ልዩነቱ ወደ 60 ይወርዳል፤ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ የራዲያተሩ አቅም በ20 ከመቶ ይቀንሳል። አዲስ መኪና ለዚህ የሚበቃ ትርፍ አቅም ይዞ ይሠራል። ራዲያተሩ በዝገትና በደለል የተደፈነ አሮጌ መኪና ግን ትርፉን ቀድሞ ጨርሶታል። በብርዱ ወራት ደህና መስሎ የሚሰነብተውም ስለዚህ ነው።

ከፍታና የራዲያተር ክዳን

የውሃ መፍያ ነጥብ በአየር ግፊት እንደሚወሰን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ተምረናል። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ተራ መክደኛ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በውስጡ ያለው ሞላ፣ በብዙ መኪናዎች፣ የውሃውን ግፊት ከውጭው አየር በ90 ኪሎ ፓስካል ያህል አስበልጦ ይይዛል። በዚህ ግፊት ውሃው አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው 115 ዲግሪ ገደማ ላይ ይሆናል። ሞላው የላላ ወይም ጎማው የደረቀ ክዳን ይህን የ23 ዲግሪ ትርፍ ያሳጣል። ቴርሞስታቱ 88 ዲግሪ ላይ መከፈት የሚጀምር ከሆነ፣ ለመፍላት የሚቀረው 4 ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ምርመራው ዋጋው አነስተኛ ከሆነው ክዳን ቢጀመር መልካም ነው።

ነገር ግን የጋለ ሞተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም። 110 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ከፊሉ ወዲያውኑ ይተናል። በአዲስ አበባ ከፍታ ከአንድ ሊትር 3 ከመቶ ያህሉ ቢተን እንኳ 70 ሊትር ገደማ እንፋሎት ይፈጠራል፤ የቀረውንም የፈላ ውሃ በከፋቹ ፊት ላይ ይረጨዋል። ሞተሩን አጥፍቶ እስኪበርድ መታገሥ ያስፈልጋል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

መቼ ነው የሚግለው?

የምርመራው ቁልፍ ይህ ጥያቄ ነው። ሞተሩ በመንገድ መጨናነቅ ጊዜ ግሎ መኪናው ሲፈጥን የሚበርድ ከሆነ፣ የጎደለው የአየር ፍሰት ነው። ስለዚህ ቬንቶላውና ቺንጊያው ይመረመራሉ። በከተማ ደህና ሆኖ በረጅም ዳገት የሚግል ከሆነ፣ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ ይጠረጠራል። ከተነሣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚግል ከሆነ በመጀመሪያ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የውሃው መጠን ይታይ። ውሃው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ሲግል ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ከቀረ፣ ቴርሞስታቱ ሳይከፈት ቀርቷል ማለት ይቻላል። ውሃው የሚፈስበት ቦታ ሳይታይ እየጎደለ፣ በማርሚታ ነጭ ጭስ ከወጣ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። እንዲህ ዓይነቱ መኪና ወደ ጋራዥ ሳይደርስ መነዳት የለበትም።

ቴርሞስታቱን በምድጃ ላይ በተጣደ ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ነክሮ መፈተን ይቻላል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል። 88 ዲግሪ ላይ መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ግን ከ92 ዲግሪ አያልፍም። ስለዚህ በከፊል ብቻ የተከፈተውን ጤነኛ ዕቃ «ተበላሽቷል» ብለን እንዳንጥል መጠንቀቅ ይገባል፤ መታየት ያለበት መከፈት የጀመረበት የሙቀት መጠን ነው።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ቢሆንም መፍትሔ አይደለም። ሞተሩ ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ስለሚሠራ ነዳጅ ያባክናል፤ ቶሎም ያልቃል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ራዲያተሩን አልፎ የሚመለሰው መተላለፊያ ክፍት ስለሚቀር ሙቀቱ ጭራሽ ይብሳል።

በአጠቃላይ፣ የሚግል ሞተር የሚነግረን የሙቀት ገቢው ከወጪው መብለጡን ነው። ከሦስቱ ደረጃዎች የትኛው እንደደከመ ሳይለይ ዕቃ መለወጥ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ በሚቀጥለው ዳገት ከመፍላት አያድንም።