ባትሪ ከመግዛት በፊት ዲናሞውን ማስመርመር

ጠዋት ሞተሩ አልነሣ ያለው የአይሱዙ ባለንብረት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ባትሪውን ነው። ሾፌሩ «ጋሼ፣ ባትሪው ሞቷል» ይላል፤ ባትሪ ሻጩም ይህን ሐሳብ የሚቃወምበት ምክንያት የለውም። መኪናው ሁለት ባትሪ የሚይዝ በመሆኑ ወጪው እጥፍ ነው። ጥቂት ቀናት ሲያልፉ አዲሶቹም እንደ አሮጌዎቹ ዝም ይላሉ። ጥፋተኛው ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ እንደነበር የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ጉዳዩን በገበያ ገጽ ላይ ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ዲናሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ባትሪውም ቢሆን ከምንዛሪው ጣጣ አያመልጥም። በተሳሳተ ምርመራ የሚወጣው ገንዘብ ስለዚህ ቀድሞ ከነበረው እጅግ ከብዷል። በዚያ ላይ መኪናው ቆሞ የሚያልፈው የጭነት ገቢ አለ። ከመቂ ቲማቲም የጫነ መኪና መንገድ ላይ ቢያድር ደግሞ ኪሳራው ከኪራዩ አልፎ ወደ ጭነቱ ይደርሳል።

ለመሆኑ ሁለት ባትሪ ለምን አስፈለገ? የአይሱዙ የጭነት መኪኖች ሥርዓት ባብዛኛው 24 ቮልት ነው። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተርታ ይያያዛሉ፤ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ይገናኛል። በዚህ ዓይነት ግንኙነት ቮልቱ ይደመራል እንጂ የመያዝ አቅሙ አይጨምርም። ሁለት ባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪዎች 24 ቮልትና 70 አምፔር ሰዓት ይሰጣሉ፤ 140 አይደለም። በአንዳንድ ባለ 12 ቮልት የናፍጣ መኪኖች ላይ እንደሚታየው ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ሲታሰር ግን ቮልቱ 12 እንደሆነ ይቀርና አቅሙ ይደመራል። ባትሪ ወይም ቻርጀር ከመግዛት በፊት መኪናው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ግዴታ ነው።

የናፍጣ ሞተር አንድ አታላይ ጠባይ አለው። የቆየው ሜካኒካል ፓምፕ ያለው ሞተር አንዴ ከተነሣ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ በጣም ጥቂት በመሆኑ ዲናሞው ቢሞትም መኪናው ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ክሩስኮቱ ላይ ያለችው ቀይ የባትሪ መብራት ካልተቃጠለች ታስጠነቅቃለች፤ ብዙ መኪና ላይ ግን ተቃጥላለች። ችግሩ የሚወጣው ሲመሽ ነው። የፊትና የኋላ መብራት አንድ ላይ 10 አምፔር ያህል ቢወስዱ፣ ሙሉ የሆነ ባለ 70 ባትሪ በወረቀት ላይ 7 ሰዓት ይዘልቃል። ያረጀው ግን ከዚያ በፊት ሾፌሩን ጨለማ ውስጥ ይጥለዋል።

ምርመራው የሚጠይቀው አንድ ቴስተር ብቻ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ሙሉ የሆነ አንድ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሁለቱ በተርታ 25.2 ያህል ያሳያሉ። ሞተሩ ተነሥቶ መጠነኛ ነዳጅ ሲሰጠው ንባቡ ከ27.5 እስከ 28.8 መድረስ አለበት። ከ25 ካላለፈ ዲናሞው አልሞላም። ከ30 ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፤ ባትሪውን እያፈላ ይገድለዋል። ቮልቱ ደህና ሆኖ ባትሪው ሌሊት ሌሊት የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ዲናሞው ውስጥ የሚያሾልክ ዳዮድ ሊኖር ይችላልና ኤሌትራውቶው እንዲያይ ይደረግ። የባትሪ ገመድ ሞተሩ እየሠራ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚለው የጋራዥ ፈተና በናፍጣ ሞተር ላይ የሚያስረዳው ነገር የለም፤ ዳዮዶቹን ግን ሊያቃጥል ይችላል።

ዲናሞው ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝም ወዲያው ሶማሌ ተራ መሮጥ አያስፈልግም። የላላ ቺንጋ፣ የዛገ የማሳ ገመድ ወይም ያለቀ ካርቦን በትንሽ ወጪ ይስተካከላል። ኩሽኔታና ሬጉሌተርም ለየብቻ ይቀየራሉ። ጥቅልሉ ከተቃጠለ ግን ሙሉ ዲናሞ መቀየር ሳይሻል አይቀርም፤ እንደገና የተጠቀለለው ዕድሜው በጠቅላዩ እጅ ጥራት ይወሰናልና።

ገዢው አሮጌውን ይዞ ይሂድ። ቮልቱ፣ አምፔሩ፣ የቺንጋው መዘውርና የብሎኑ ቀዳዳ አንድ መሆን አለባቸው። ከሁሉም በላይ የኋላው ይታይ። የብዙ አይሱዙ ናፍጣ ሞተሮች ዲናሞ ጀርባው ላይ የቫኪዩም ፓምፕ ተሸክሟል፤ ፍሬኑን የሚያግዘው ይህ ፓምፕ ነው፣ የሚለሰልሰውም በሞተሩ ዘይት ነው። ርካሽ ነው ተብሎ ፓምፕ የሌለው ዲናሞ የተገጠመለት መኪና መብራቱ ይበራል፤ ፍሬኑ ግን እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። በአዳማ ቁልቁለት ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሾፌር አይነገርም። የፓምፑ ጎማ አልቆ ዘይት ወደ ውስጥ ካፈሰሰም አዲሱ ካርቦን እንደ አሮጌው ይበላሻል፤ ስለዚህ የዘይት ቱቦዎቹም አብረው ይፈተሹ።

ሲፈታ መጀመሪያ የሚነቀለው የባትሪው ኔጋቲቭ ነው፤ ሲገጠም መጨረሻ የሚታሰረውም እሱ ነው። ወደ ዲናሞው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ቁልፉ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ አለው። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ይወጠራል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ባዶ ባትሪ አዲስ ዲናሞ ላይ አስረው «መንገድ ላይ ይሞላል» ይላሉ። ዲናሞ የተሠራው የጎደለውን እንዲተካ ነው፤ ሁለት ባዶ ባትሪ ሲጫንበት በሙሉ ጉልበቱ ለሰዓታት እየሠራ ይግላል፤ ያን ያህል የተከፈለበት ዕቃ በመጀመሪያው ጉዞ ሊቃጠል ይችላል። ባትሪዎቹ አስቀድመው በቻርጀር ይሞሉ። ልኩ ከአቅሙ አንድ አሥረኛ ነው፦ ለባለ 70 ባትሪ 7 አምፔር። ፈጽሞ ባዶ ከሆነ ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይወስዳል። ሁለቱ እኩል የጎደሉ ከሆነ በ24 ቮልት ቻርጀር በተርታ እንደታሰሩ ይሞላሉ፤ እኩል ካልሆኑ ግን ተለያይተው እያንዳንዳቸው በ12 ቮልት ይሞሉ። ክፍሉ አየር የሚያገኝ ይሁን፤ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነውና ሲጋራ አይጠጋም። የጎደለው የሚተካው በተጣራ ውኃ እንጂ በአሲድ አይደለም። ከሞላ በኋላ የአሲዱ መለኪያ በየጉድጓዱ 1.26 ወይም 1.27 ያህል ሊያሳይ ይገባል፤ አንዱ ጉድጓድ ብቻ ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ካለ ያ ባትሪ ከእንግዲህ አይጠቅምም።

አንዱ ሲሞት ሁለቱም ይቀየራሉ ወይ? በመርህ ደረጃ አዎን። አሮጌና አዲስ በተርታ ሲታሰሩ በሁለቱም የሚያልፈው ኤሌክትሪክ አንድ ስለሆነ ደካማው ቶሎ ሞልቶ ይፈላል፣ ጠንካራው ሳይሞላ ይቀራል። ቴፕ ወይም የስልክ ቻርጀር ከአንደኛው ባትሪ ብቻ 12 ቮልት እየጠለፉ የሚያስሩ ሰዎችም ይህንኑ መዛባት በገዛ እጃቸው ያመጣሉ፤ ከ24 ወደ 12 የሚቀንሰው መሣሪያ ዋጋ ከአንድ ባትሪ ዋጋ ያነሰ ሆኖ ሳለ። ሞተሩ እየሠራ ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ሲለኩ ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ፣ የተጠለፈውን ገመድ መፈለግ ነው።