ልጆቻችንና የ12ኛ ክፍል ፈተና፦ ግመላችንን አስረናልን?

 

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በየመስጂዱ የምናየው ነገር አለ። እናቶች ኢማሙ ዘንድ ሰው ልከው «ለልጄ ዱዓ ያድርጉልኝ» ይላሉ። አባቶች ሰደቃ ያወጣሉ። ልጁም ያን ሳምንት ከመጀመሪያው ሰልፍ አይጠፋም። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን ከእነዚሁ ወላጆች አንዱን «ልጅዎ በ9ኛ ክፍል በሒሳብ ስንት አመጣ?» ብለን ብንጠይቀው ምን ይመልስልናል? ብዙዎቻችን መልስ የለንም።

ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ እንደተላለፈው፣ አንድ ሰው ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካትን በተመለከተ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በጠየቃቸው ጊዜ፣ በመጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም በአላህ እንዲመካ አዘውታል። እንግዲህ በልጆቻችን ትምህርት ረገድ እኛ ግመላችንን አስረናልን? ወይስ ከለቀቅናት በኋላ ነው ዱዓ የምንጠይቀው?

ቁጥሮቹ የሚነግሩን

ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ እውነታው ተገልጧል። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ውጤቱ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም፣ ከ100 ተፈታኞች ከ90 በላይ የሚሆኑት አሁንም አልተሳካላቸውም።

ይህ የሙስሊሙ ብቻ ሳይሆን የአገር ሁሉ ችግር ነው። የመምህር እጥረት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ የክፍል መጨናነቅ እንዳለ እናውቃለን። መንግሥትም ሊጠየቅበት ይገባል። ይሁን እንጂ አላህ ዘንድ እያንዳንዳችን የምንጠየቀው በእጃችን ስላለው አማና ነው። በእጃችን ያለው ደግሞ የልጁ ጊዜ ነው።

ጊዜውን የወሰደው ማነው?

እስቲ ወደ ቤታችን እንመለስ። ወንዱ ልጅ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ሱቅ ይጠበቃል። ደብተሩን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ደንበኛ ያስተናግዳል፤ ዕቃ ያወርዳል፤ ሒሳብ ይዘጋል። ማታ ከዒሻ በኋላ ቤት ሲገባ ዓይኑን እንቅልፍ ይዞታል። አባትየው ግን «ልጄ ጎበዝ ነው፤ ንግዱንም ትምህርቱንም ይዟል» እያለ ይኮራበታል። ውጤቱ ሲመጣ ነው ልጁ የያዘው አንዱን ብቻ እንደነበር የሚታወቀው።

የሴቷ ልጅ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ወንድሟ ከሱቅ ሲመለስ ያርፋል፤ እሷ ግን ከምድጃ ወደ ዕቃ ማጠቢያ፣ ከዚያም ወደ ታናናሾቿ ትዞራለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር መጽሐፏ ይታጠፋል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም እህቶቻችን ሒጃብ በመልበሳቸው ከትምህርት ቤት በታገዱ ጊዜ ሁላችንም አዝነናል፤ ድምፃችንንም አሰምተናል። ተገቢም ነበር። ነገር ግን በር ላይ የከለከለውን ስንቃወም፣ በገዛ ቤታችን በሥራ ብዛት ከትምህርት የከለከልናትን ልጅ ጉዳይ ማን ያንሣላት?

በሳምንት ለ5 ቀናት፣ በቀን 2 ሰዓት ብቻ ብንሰጣቸው በሳምንት 10 ሰዓት ይሆናል። የትምህርት ዓመቱን 40 ሳምንት ብንለው 400 ሰዓት፣ በአራቱ የሁለተኛ ደረጃ ዓመታት ደግሞ 1,600 ሰዓት ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሰዓት በፈተናው ዋዜማ ባሉት ሁለት ሳምንታት መካስ የሚችል ማንም የለም።

ከወላጅ የሚጠበቀው

«እኔ ያልተማርኩ ሰው ምን ላግዘው?» የሚል ወላጅ ይኖራል። ፊዚክስ ማስረዳት አይጠበቅበትም። የሚከተሉትን ግን ማድረግ ይችላል።

አንደኛ፣ የማይደፈር የጥናት ሰዓት ይወስንለት። ሰላታችን ቀኑን ከፋፍሎ ሰጥቶናል፤ ከሱብሒ በኋላ አእምሮ ንቁ ነው፤ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለውም ጊዜ ጥሩ ነው። በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ይዘጋ፤ ስልክ ከወላጅ ዘንድ ይቀመጥ፤ ሱቁም ሌላ ሰው ይፈለግለት።

ሁለተኛ፣ «አጠናህ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ምን አጠናህ? እስቲ ንገረኝ» ይበለው። የተረዳ ልጅ ላልተማረች እናቱም ቢሆን ያስረዳል፤ ያልተረዳው ራሱ ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ በየሴሚስተሩ ትምህርት ቤት ሄዶ መምህራንን ያነጋግር። በተለይ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ውጤቱን ይከታተል። ሁለቱም የተፈጥሮም ሆነ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የሚፈተኗቸው ናቸው። እንግሊዝኛ የደከመ ልጅ የባዮሎጂውንም ጥያቄ አንብቦ አይረዳውም።

አራተኛ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊሉ ተማሪ ፈተናውን በኮምፒውተር ስለሚወስድ፣ ልጁ ኮምፒውተር መጠቀምን አስቀድሞ ይለማመድ።

አምስተኛ፣ በቴሌግራም «የፈተና መልስ እንሸጣለን» ለሚሉ አጭበርባሪዎች ገንዘብ የሚሰጥ ወላጅ ካለ አላህን ይፍራ። ገንዘቡ የሚጠፋ ነው፤ በማታለል የተገኘ ውጤትም በረካ የለውም።

ከ12ኛ ክፍል በኋላስ?

የከፍተኛ ትምህርት ዕቅድ የሚጀምረው ውጤት ከወጣ በኋላ አይደለም። 11ኛ ክፍል ሲገባ ልጁ ወይ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመርጣል። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ «ዶክተር ካልሆነ» እያለ ያስገድዳል። ምርጫው ግን በጎረቤት ፉክክር ሳይሆን በልጁ ውጤትና ዝንባሌ መሆን አለበት። ለኡማው ሐኪም እንደሚያስፈልገው ሁሉ የሕግ ባለሙያ፣ መምህርና የሒሳብ አዋቂም ያስፈልገዋል።

በሮቹንም ማወቅ ይገባል። ካለፉት ውስጥ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሚፈልጉ፣ ተቋሙ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና እንደሚሰጥ ይወቁ። የማለፊያውን ነጥብ ሳያገኙ ለቀሩትም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሬሜዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት ተከፍቷል። ቴክኒክና ሙያም አለ፤ ኤሌክትሪክ ወይም የመኪና ጥገና በወጉ የተማረ ወጣት ለማንም የማይዋረድ እንጀራ ይበላል። ያላለፈን ልጅ መስደብና ከአክስቱ ልጅ ጋር ማወዳደር ግን በሩን ሁሉ ይዘጋበታል።

የጀማዓው ድርሻ

በበድር ዘመቻ ማግስት፣ ሙስሊሞች ገንዘብ እጅግ በሚያስፈልጋቸው ጊዜ፣ ቤዛ የሚከፍሉት ያልነበራቸው ነገር ግን መጻፍ የሚችሉ ምርኮኞች የአንሷር ልጆችን በማስተማር ነፃ እንዲወጡ መደረጉን የታሪክ ሊቃውንት ዘግበዋል። ወጣቱ ዘይድ ኢብኑ ሣቢትም (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ የአይሁዶችን ጽሕፈት በአጭር ጊዜ ተምሯል። እነዚህ ሰዎች ወጣቶቻቸውን ለዕድል አልተውም፤ መምህር ፈለጉላቸው።

እኛስ? በየመስጂዶቻችን ከሰላት ውጭ ባዶ የሚውሉ ክፍሎች አሉ። ለክረምት ዕረፍት የሚመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። ከዚሁ ጀማዓ ውስጥ መምህራንና መሐንዲሶች አሉ። ባለሀብቱ መብራቱንና ወንበሩን ይቻል፤ የተማረው በሳምንት ሁለት ቀን ሒሳብ ያስጠና፤ የመስጂዱ ኮሚቴም ለሴቶች የተለየ ሰዓትና ቦታ ያዘጋጅ። ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም፤ ቁርጠኝነት እንጂ።

ወንድሞችና እህቶች፣ በዘንድሮው ፈተና ዋዜማ ለዱዓ እጃችንን ስናነሣ፣ ከ9ኛ ክፍል የሚጀምረውን ታናሽዬውንም እናስታውስ። ግመሏ ገና አልራቀችም፤ ዛሬውኑ ልናስራት እንችላለን። አላህ ልጆቻችንን በሁለቱም ዓለም የሚጠቅም ዒልም ይስጣቸው። አሚን።